«ቲቸር፣ ዛሬ ምን ትሰጪናለሽ?»

የአንዲት መምህርት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቦሌ አራብሳ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሆም ሩም ነኝ። 62 ተማሪዎች አሉኝ። ጥሩ ሥነ ምግባር ያሳየ ይሸለማል ብዬ ከረሜላና እስክሪብቶ ከኪሴ እየገዛሁ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄደ። አሁን ግን ‹ቲቸር፣ ዛሬ ምን ትሰጪናለሽ?› ሳይሉ ደብተር አያወጡም። አንድ ልጅ ደግሞ አለ፤ እሱ ከጀመረ ክፍሉ በሙሉ ይከተለዋል። መምታት አልፈልግም። ባልደረቦቼ ‹ለስላሳ ስለሆንሽ ነው› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? ከመቼስ ልጀምር?»

ስምሽን ስላልጻፍሽ እህቴ ልበልሽ። አንቺ ማለቴንም እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ። እኔም 11 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ከዚያ ዩኒት ሊደር ሆኜ፣ አሁን ደግሞ በተማሪዎች አማካሪነት ነው የምሠራው። መምህራን ክፍል ሻይ ይዘን ብንቀመጥ እንደማወራሽ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ከከረሜላው እንገላገል። ከኪስሽ ማውጣትሽ ልብ ይነካል፤ የመምህር ኪስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የገጠመሽ ነገር ግን አንቺን ብቻ የገጠመ አይደለም። በፈረንጆቹ 1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሠሩት አንድ ሙከራ አለ። ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። አንዱን ቡድን «ከሳላችሁ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሉት። ሌላውን ምንም ሳይነግሩ ስሎ ከጨረሰ በኋላ ድንገት ሸለሙት። ሦስተኛው ቡድን ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙን መልሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡላቸው፣ ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች የመሳል ፍላጎታቸው ወርዶ ተገኘ። ድንገት የተሸለሙት ግን እንደ ድሮው ይስላሉ።

ይሄን ይዘው «ሽልማት ልጅ ያበላሻል» የሚሉ አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። እነዚያ ሕፃናት ሥዕል ድሮም ይወዱ ነበር። ለ62 ታጭቆ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆኖ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብሎ መቀመጥ የሚወድ የ13 ዓመት ልጅ ግን እስካሁን አላየሁም። ማንም የማይወደውን ነገር ለማስጀመር ትንሽ መግፋት ነውር የለውም። ነገሩ የሚበላሸው ዋጋው ቀድሞ ሲነገር ነው። «ደብተር ካወጣችሁ ከረሜላ» ስትያቸው ደብተር ማውጣት የሚጠቅመው አንቺን ነው ብለሽ ነገርሻቸው። ሻጭ ሆኑ፣ አንቺ ገዢ ሆንሽ። ሻጭ ደግሞ ዋጋ ይጨምራል። መርካቶ አንድ ቀን የዋለ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ስለዚህ አቁሚው። ሳትቆጪ፣ ሳትሰብኪ። «የከረሜላው ነገር አብቅቷል፤ ብሬም አልቋል» በያቸውና ሳቂ። ሁለት ቀን ያጉረመርማሉ። ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጀማሪ መምህር ሳለሁ ክፍል ትቼ ስወጣ አለቃው ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሽ» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድር ነበር። አንቺም ተምረሽበታል፤ ሁላችንም። ስሙ ተጽፎበት የማይታረም ደግሞ ከጎኑ ኤክስ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ተመልሼ ስገባ አንድ ልጅ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ከአለቃው ጋር ይጨቃጨቃል። ስሜ ይሰረዝልኝ እያለ መስሎኝ ነበር። ለካ ጭቅጭቁ ኤክሱ ላይ ነው። «ስድስት ነው ቲቸር! አምስት ብቻ ነው የጻፈልኝ!» ይለኛል። ዞር ብሎ ጓደኞቹን አየት ሲያደርግ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምን አደረግኩ? ጆሮውን ይዤ አስወጣሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሲወጣ ደግሞ እጁን እያውለበለበ ነበር የወጣው፣ ጎል እንዳገባ ተጫዋች።

ያ ሰሌዳ ከዓይኔ አይጠፋም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስምህ በትልቁ የሚጻፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ፣ ለጎረቤቱ ማስመሪያ አውሶ፣ ዝም ብሎ ሲሠራ የነበረው ልጅ የትም አልተጻፈም። እኔም ስሙን ለመያዝ አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል፤ የረባሾቹን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነው በቃሌ የያዝኩት።

የምነግርሽ ነገር በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ሰሌዳ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ትልቁ ክፍያ የአንቺ ዓይንና የስልሳ አንድ ልጅ ዓይን ነው፤ ከረሜላ አጠገቡም አይደርስ። እና ያ ዓይን አሁን የሚከፈለው ለማን ነው? ክፍሉን ይዞብሽ ለሚሄደው ልጅ። ቁም ስትይው ይከፈለዋል፣ ስሙን ጠርተሽ ስትጮሂበት ይከፈለዋል፣ ከክፍል ስታስወጪው ደግሞ ቦነስ ጭምር።

ምንም ዘዴ ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ቀን ዝም ብለሽ ቁጠሪ። የትምህርት ዕቅድሽ ጀርባ ላይ አንድ መስመር አስምሪና በአንድ ወገን የገሠጽሽበትን፣ በሌላው ደህና ነገር አይተሽ የተናገርሽበትን በጭረት ያዢ። በዚህ ሙያ የተለመደው ምክር ለአንድ ተግሣጽ አራት ወይም አምስት ማበረታቻ ነው። እኔ ራሴን የቆጠርኩ ዕለት በአንድ ፔሬድ 14 ተግሣጽና 2 ምስጋና ሆኖ ነው የወጣው። አንዱ ምስጋና ደግሞ ሰሌዳ ላጠፋችልኝ ልጅ ነበር፤ እሱን ከቆጠርነው። በዚያው ወረቀት ላይ ሰዓቱንም ጻፊ። ረብሻው መቼ መቼ ነው የሚነሳው? ስምሽን እንኳ ሳላውቅ ልገምትልሽ፦ አንዱ መምህር ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ክፍተት፣ ከምሳ መልስ፣ እና እንግሊዝኛ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ሲጠየቁ።

ለምን እንደገመትኩ ልንገርሽ። 7ኛ ክፍል የተለየ ክፍል ነው። 6ኛ ላይ የከተማ ፈተና ተፈትነው መጡ። 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ይጠብቃቸዋል። 7ኛ መሀል ላይ ያለ፣ ፈተና የማያስፈራበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ «ሚኒስትሪ ላይ ታዩታላችሁ» የሚለው የእኛ የዘወትር ማስፈራሪያ አይሠራም፣ ለእነሱ ሚኒስትሪ ገና ሩቅ አገር ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሒሳቡም ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው እዚህ ክፍል ላይ ነው። አምና በአማርኛ እጁን እያወጣ ሲመልስ የነበረ ልጅ ዘንድሮ መጽሐፉን ገልጦ ግማሹ አይገባውም። አልገባኝም ከማለት መረበሽ ይቀላል። አንደኛው ያሳፍራል፣ ሌላው ያስቃል። አንቺ ያለሽበት ሰፈር ደግሞ ቤተሰቡ ከመሀል ከተማም ከክፍለ ሀገርም ተነቅሎ ኮንዶሚኒየም የገባበት ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ከየት ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጡ ጠይቂያቸውማ። አንዱ ትምህርት ቤት መምህር ሲገባ ይነሳል፣ ሌላው አይነሳም። አንዱ ሽንት ቤት ለመሄድ ያስፈቅዳል፣ ሌላው ብድግ ብሎ ይወጣል። እኛ «ባለጌ» የምንለው ግማሹ ነገር ያልተነገራቸው ነገር ነው።

ይሄን ያልኩሽ እንድታዝኚላቸው አይደለም። «ሥነ ምግባር ይኑራችሁ» የሚለው ቃል ባዶ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሥነ ምግባርን እንደ ክፍልፋይ ነው ማስተማር ያለብሽ። አሜሪካኖቹ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጀምረው ያስፋፉት ፒቢአይኤስ የሚባል አሠራር አለ፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ውስጡ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ነገሮችን ይመርጣል፣ «አታድርግ» ሳይሆን «አድርግ» ብሎ ይጽፋቸዋል፣ ከዚያ በየቦታው ምን እንደሚመስሉ ልጆቹን ያለማምዳል። ዋናው ማለማመዱ ነው። የኛ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ መመሪያ መች ጠፋ፤ በሩ ላይ «አይቻልም» የሚል ሃያ መስመር ተለጥፎ አለ፣ ያነበበው ግን ቀለም የቀባው ሰውዬ ብቻ ነው።

አንቺ አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ። የመምህር ቅያሬዋን ክፍተት። ያቺ አምስት ደቂቃ ናት ፔሬዱን የምትበላው። ሰሌዳው ይጠፋል፣ ያለፈው ደብተር ይገባል፣ የሚቀጥለው ይወጣል፣ እያንዳንዱ በቦታው፣ ድምፅ በሹክሹክታ ልክ። አራት ነገር። ይሄን ንገሪያቸውና አትመኚ፣ አሠሪያቸው። ከክፍል ውጪ፣ በሩን ዝጊና ቆይተሽ ግቢ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «እንደገና» በይና ውጪ። ሦስተኛው ላይ የእጅ ሰዓትሽን እያየሽ ግቢ። «ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። በአንድ ደቂቃ ተኩል ይቻላል?» በያቸው። የ13 ዓመት ልጅ ሰዓት ሲያዝበት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እኔ ይሄን ስሠራ አንድ ሙሉ ፔሬድ አጠፋሁና የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊው «ቻፕተርህ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለኝ። ቀርቷል። በወሩ መጨረሻ ግን ከሁሉም ክፍሎች ቀድመን ነበር፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚባክን ጊዜ አልነበረም።

ስለማመስገን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የኛ ምስጋና አንድ ቃል ነው፦ ጎበዝ። ለመለሰውም ጎበዝ፣ ለሞከረውም ጎበዝ፣ በር ለከፈተውም ጎበዝ። ከዚያ «አጨብጭቡለት!» ቃሉ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ልጁ ግን ምን ስላደረገ እንደተወደሰ አያውቅም፣ ስለዚህ ነገ አይደግመውም። በፈረንጆቹ 1998 ሙለርና ድዌክ የ5ኛ ክፍል ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት «ብልህ ነህ» ተብለው የተወደሱት ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ጥረታቸው የተወደሰላቸው ግን ገፉበት። ስለዚህ የሠራውን ነገር ስም ጥሪለት። «ማስመሪያህን ለእሷ ሰጥተህ አንተ በደብተር ጠርዝ ስታሰምር አይቻለሁ።» «ሲስቁብሽ እንኳ እስከ መጨረሻው አነበብሽው።» አበቃ። ጎበዝ ማከል አያስፈልግም፤ ልጁ ራሱ ይጨምርበታል።

ሁለተኛ ነገር፣ 7ኛ ክፍል 3ኛ ክፍል አይደለም። ሰው ፊት የተወደሰ ወንድ ልጅ በዕረፍት ሰዓት «የቲቸር ልጅ» እየተባለ ይውላል። ከዚያ ነገ ሆን ብሎ ይረብሻል፣ ስሙን ለማጽዳት። ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ለብቻው። በዴስኮቹ መሀል ስታልፊ ጎንበስ ብለሽ በሹክሹክታ፣ ወይም ደብተር ስታርሚ ከምልክቱ ሥር አንድ መስመር። ሴቶቹ ላይም ያው ነው፣ ትንሽ ይለዝብ ይሆናል እንጂ። ሰው ፊት መወደስ ያለበት ክፍሉ ነው፣ ወይም ረድፉ።

ስለ ረድፍ ካነሳን አንድ ጨዋታ ልስጥሽ። በፈረንጆቹ 1969 ካንሳስ ውስጥ ባሪሽ፣ ሶንደርስና ዎልፍ የሚባሉ ሰዎች 24 ተማሪ ያለውን አንድ የ4ኛ ክፍል በሁለት ቡድን ከፈሉት። ሳይፈቀድለት የተነሳ ወይም የጮኸ ልጅ ለቡድኑ አንድ ጭረት ያስቆጥራል። ትንሽ ጭረት ያለው ያሸንፋል፣ ሁለቱም ከተወሰነ ቁጥር በታች ከሆኑ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ሽልማቱም ተጨማሪ ዕረፍት፣ ለምሳ ቀድሞ መሰለፍ፣ ኮከብ የመሳሰለ ነገር ነበር። ረብሻው በብዙ ወረደ። ጨዋታው እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

አንቺ ዘንድ ስትወስጂው ግን ሦስት ነገር ቀይሪ። ጭረቱን ለጥፋት ሳይሆን ለደህና ነገር አድርጊው፤ ያ የረባሽ ሰሌዳ ተገልብጦ መጣ ማለት ነው፣ ልጆቹ ኤክስ መቁጠር ይችሉበታል፣ እንግዲህ ይሄን ይቁጠሩ። ረድፎቹ እርስ በርስ አይወዳደሩ፤ ለሁሉም አንድ ቁጥር ስጪ፣ የደረሰ ሁሉ ያሸንፋል፣ አለበለዚያ አርብ ከትምህርት በኋላ በር ላይ ጠብ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ ቁጣዬን ታገሺኝና፣ ምሳን በጭራሽ አትንኪ። ካንሳስ ላይ ቀድሞ መሰለፍ ጨዋታ ነው። እዚህ የትምህርት ቤት ምገባው ለአንዳንዱ ልጅ የቀኑ ዋና ምግብ ነው። ማንም ልጅ በጠባዩ ምክንያት ለምግብ ወደ ኋላ መባል የለበትም፤ በቀልድ እንኳን።

ሽልማቱ ገንዘብ አይጠይቅም። አርብ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃ ሜዳ ላይ። አንድ ፔሬድ ከፈለጉት ጓደኛ ጋር መቀመጥ። በሚኒ ሚዲያ ዕረፍት ላይ የሚለቀቀውን ዘፈን መምረጥ፤ ይሄንን አትናቂው፣ ሚኒ ሚዲያ ክፍሏ በር ላይ የሚያደርጉትን ክርክር ብታዪ ፓርላማ ነው የሚመስልሽ። አንዳንዴ ደግሞ ሳይነገራቸው፣ እንዲሁ፣ «ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ውጡ» በያቸው። የስታንፎርዶቹ ሕፃናት ትዝ ይበሉሽ፤ ድንገት የመጣ ስጦታ አያበላሽም።

አሁን ወደዚያ ልጅ። ቅድም ያነሳሁልሽ የፒቢአይኤስ ሰዎች በግምት 80፣ 15፣ 5 ይላሉ። ከመቶ 80 ያህሉ ተማሪ በደንብ ከተለማመደና ከታየ ይበቃዋል፤ 15 ያህሉ ትንሽ ክትትል ይፈልጋል፤ 5 ያህሉ ብቻ የተለየ ነገር ይፈልጋል። አንቺ ክፍል ሲመነዘር 50፣ 9 እና 3 ልጅ አካባቢ ነው። ሕግ አይደለም፣ ግምት ነው። ግን አስቢው፦ እኛ ለሦስቱ የሚሆነውን ቁጣ 62ቱ ላይ እንረጨዋለን። ሃምሳዎቹ ምን አደረጉ?

ለዚያ ልጅ የምትጠይቂው «ምን ነካው?» ሳይሆን «ምን ያገኛል?» ነው። ሁለት ነገር ነው በብዛት የሚገኘው። ወይ ዓይን ያገኛል፣ ወይ ከሥራ ያመልጣል። ወረቀትሽ ይነግርሻል። ሁልጊዜ የሚነሳው ተራው ንባብ ሊደርሰው ሲል ከሆነ የሸሸው ንባብ ነው፤ ስታስወጪው የፈለገውን ነው የሰጠሽው። ለእንዲህ ያለው መድኃኒቱ ነገ የሚያነባትን አንቀጽ ዛሬ ጠቁመሽ እንዲዘጋጅባት ማድረግ ነው፤ «ነገ ይችን ሦስት መስመር አንተ ነህ የምታነባት፣ አሁን አብረን እንያት»። በየትኛውም ሰዓት፣ ጓደኞቹ ባይሠሩም ቢሠሩም የሚረብሸው ክፍሉ እንዲስቅ ከሆነ ደግሞ የሚፈልገው ዓይን ነው፤ ስለዚህ ቀድመሽ ስጪው። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ክፍል ሳይገባ ሁለት ደቂቃ። «ዛሬ እንዴት ነህ? ዛሬ የምንይዛት አንድ ነገር ምንድን ናት?» አንዲት ብጣሽ ወረቀት ስጪው፤ በየፔሬዱ መምህሩ ከ0 እስከ 2 ይሞላባታል፤ ማታ ከመሄዱ በፊት ወዳንቺ ያመጣታል፣ ሁለት ደቂቃ ታያላችሁ። ይሄ ነው በሌላ አገር ጠዋት መግቢያ፣ ማታ መውጫ እያሉ የሚሠሩት። ጥሩ ነገሩ ልጁ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ አንድ አዋቂ ሰው ዓይኑን አይቶ ያናግረዋል። መጥፎ ነገሩ አንዳንድ መምህር ወረቀቷን የክስ መዝገብ ያደርጋታል። ስለዚህ ሁለቱን ጥሩ መምህራን መርጠሽ ከእነሱ ፔሬድ ጀምሪ። ለሁሉም አትበትኚ።

እሱን አለቃ አድርጊው የሚሉሽ ይኖራሉ። ይሠራል ይላሉ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዱላ የያዘ ረባሽ ትፈጥሪያለሽ። እኔ ሥልጣን ሳይሆን ሥራ ነው የምሰጠው፦ ጠመኔና ዳስተር ከዩኒት ሊደር ቢሮ ማምጣት፣ ደብተር ሰብስቦ ቢሮ ማድረስ። እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ስሙ ይጠራል፣ ማንንም አያዝም።

«ለስላሳ ነሽ» ስለሚሉሽ። ይሄ ይቆጠቁጣል፣ አውቀዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ከ1987 ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። ይሄን መምህራን ክፍል ውስጥ አንስተሽ አትከራከሪ ግን፤ በሕግ የተሸነፈ ባልደረባ ጠላት ይሆናል እንጂ አይለወጥም። ይልቅ ልዩነቱን አሳዪያቸው። አለመምታት ማለት ዝም ብሎ ማለፍ አይደለም። አንቺም መቅጣት አለብሽ፤ ቅጣቱ ግን ትንሽ፣ የታወቀና የማይቀር ይሁን። ቆሻሻ ጥሎ ከሆነ ያነሳል። የሰው ጊዜ ከበላ ዕረፍቱ ላይ አምስት ደቂቃ ቀርቶ የጎደለውን ይሠራል። አንዴ ተናገሪ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ ከዚያ አድርጊው። ኩርኩም የሚሰጠው መምህር ጉልበቱ የሚመስለን ኩርኩሙ ነው፤ ጠጋ ብለሽ ብታዪው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብሎ የማይመለስ ሰው ነው። አንቺ ያንን ያለ ኩርኩሙ ውሰጂ። የጀማሪዎች ስሕተት ሌላ ነው፦ ሰባት ጊዜ «አሁን ግን እቆጣለሁ» ማለት። ስምንተኛው ላይ ያለቅሳሉ። እኔም ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፣ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ወር።

ግቢ ማስጠረግን እንደ ቅጣት አትጠቀሚ። ግቢ መጥረግ ክቡር ሥራ ነው፤ የእናቱ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ማስጠራትንም ቀንሺ። አንቺ ባለሽበት አካባቢ ብዙ እናቶች ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራሉ ወይም ጠዋት ታክሲ ተሰልፈው መሀል ከተማ ይገባሉ። «ወላጅ አምጣ» ያልሽው ልጅ እናቱን የአንድ ቀን ደመወዝ እያስቆረጣት ነው። ስትመጣ ደግሞ በተቆረጠባት ልክ ነው የምትመታው። ይሄን አንድ ጊዜ ገልብጬ ሞክሬው ነበር። ያ ኤክሱን ሲቆጥር የነበረው ልጅ አይደለም፣ ሌላ፤ ግን ዓይነቱ ያው ነው። አንድ ሐሙስ ሁለት ልጆች ሲጣሉ መሀል ገብቶ አገላገለ። ማታ ለእናቱ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ከኋላ የማሽን ድምፅ አለ።

«ከትምህርት ቤት ነው የምደውለው።»

«ምን አጠፋ?» ሰላምታም የለ።

«ምንም አላጠፋም። ዛሬ የተጣሉ ልጆች አገላግሎ እሱን ልነግርዎት ነው።»

ዝም አለች። ማሽኑ ብቻ ይሰማኛል።

«እና ነገ ልምጣ?»

«አይ፣ አይምጡ።»

«ታዲያ ለምን ደወሉልኝ?»

ምን ልበላት። ያልኩትን ደገምኩላት። በማግስቱ ልጁ በሰልፍ ላይ ከሩቅ ያየኛል፣ ይስቃል፣ መልሶ ያቀረቅራል። ዕረፍት ላይ መጣና «ቲቸር፣ እናቴን ምን ብለሃት ነው? እንቁላል ጠበሰችልኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ መልአክ ሆነ አልልሽም፤ በሚቀጥለው ሳምንት መስኮት ሰብሯል። ግን ሲሰብር ራሱ መጥቶ ነገረኝ። በሳምንት ሁለት ስልክ በቂ ነው። ካርዱ ከከረሜላው ይረክሳል።

ከመቼ ልጀምር ላልሽው፣ ሰኞ አትጀምሪ። ሰኞ ሰልፉ ይረዝማል፣ ማስታወቂያ ይበዛል፣ የመጀመሪያው ፔሬድ ይቆረጣል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕን ቁጠሪባቸው። ሐሙስ የራስሽን ፔሬድ ወስደሽ መግባት መውጣቱን አለማምጃቸው። አርብ ከምሳ በኋላ አትሞክሪው፣ ይስቁብሻል። ያን ልጅ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት፣ ከክፍል በፊት፣ ዳስተሩን እንዲያመጣልሽ ላኪው።